የሊን ሻን ስም

አይሱዙው በኋላ ማርሽ የአብነትን ጠባብ መንገድ ይዞ ሲገባ የሸዋዓለምን አጥር ሊደረምሰው ምንም አልቀረውም። ሸዋዓለም የቆርቆሮ በሯን በመዶሻ እየቀጠቀጠች አስቆመችው። ጫኝና አውራጆቹ ዘለው ወረዱና ነጩን እብነ በረድ በገመድ እያንሸራተቱ አውርደው ግቢዋ ውስጥ በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ አጋደሙላት። ከጋቢናው አለቃቸው የወረደው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አቶ አዱኛ ይባላል። ሰንጋ ተራ ላይ ፎቅ የሚያቆመው የቻይናዎች ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወርሃ ሚያዝያ ነበር፤ ባቡሩ በልደታ በኩል ሰው ሳይጭን ባዶውን ለሙከራ የሚመላለስበት፣ የኮንዶሚኒየሞቹ ቀለም ገና ያልወየበበት፣ ኃላፊ የተባለ ሁሉ ሁለት ስልክ የሚይዝበት ጊዜ። አንዱ ስልክ በጣት የሚነካ፣ ሌላው ባትሪው የማያልቅ ኖኪያ ነው። አዱኛ ሁለቱንም በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በሌላው የሱሪውን አቧራ እያራገፈ፣ እንደምን ዋልሽ ሳይል ትእዛዙን ጀመረ።

«አንቺ ነሽ ሸዋዓለም? የላይኛው ጽሑፍ በማሽን አልቋል። ከሥሩ ይህችን ትቀርጫለሽ። ነገ ከቀትር በፊት መድረስ አለበት» አለና የቻይና ፊደል የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጣት።

ሸዋዓለም አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። የአባቷን የገብረጊዮርጊስን መዶሻ ከወረሰች ጀምሮ የሰፈሩን ሙታን ስም በድንጋይ ላይ ስትቀርጽ የኖረች፣ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ሸዋ» ብሎ የሚጠራት ሴት ናት። የደብሩ አለቃ እንኳ አንቱ ይሏታል። ይህ ጢሙ በቅጡ ያልሞላ ኃላፊ አንቺ ሲላት ደሟ ፈላ፤ ግን ዋጠችው። የዋጠችው ለእሱ ብላ አልነበረም። ሟቹ ጎረቤቷ ስለነበረ ነው።

ከመሥሪያዋ ጀርባ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይታ በቆመችው አንድ ክፍል ቤት ቻይናው ተከራይቶ አራት ዓመት ኖሯል። ጓደኞቹ ሁሉ በድርጅቱ ካምፕ ሲያድሩ እሱ ለምን ብቻውን አብነት እንደገባ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም፤ ማን ቋንቋውን ችሎ። ሴራሚክ ሠራተኛ ነበር። በጾሙ ማብቂያ ሰሞን የቆመበት መወጣጫ ተሰብሮ ከፎቁ ወደቀ። እንጨቱ የበሰበሰ እንደነበረ የቀን ሠራተኞቹ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ጮክ ብሎ ያለ ግን የለም። ሬሳውን ወደ አገሩ መላክ ጣጣው ብዙ ነው ተባለና ጉለሌ፣ የውጭ አገር ሰዎች መቃብር ተቀበረ። አሁን ወንድሙ ከቻይና ሊመጣ ነው። ድንጋይ የታወሰውም ለዚሁ ነው፤ ወንድሙ ነገ ጠዋት የሚደርስ ባይሆን ኖሮ ያ አፈር እንደተቆለለ ዝናብ ይበላው ነበር።

አዱኛ ሲወጣ የድርጅቱን አስተርጓሚ ጥሎላት ሄደ። ፊደሉን ዘቅዝቃ እንዳትቀርጸው አጠገቧ ሁኚ ሲላት ሸዋዓለም በገዛ ጆሮዋ ሰማችው።

አስተርጓሚዋ ኡሙልኸይር ትባላለች። ሃያዎቹን ገና ያላጋመሰች ልጅ ናት፤ ከእናቷና ከታናናሾቿ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ስኮላርሺፕ አግኝታ ቻይና አገር ተምራ መጥታለች፤ ድርጅቱ ከቀጠራት ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው። የአይሱዙው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቃ ሻርፗን አስተካከለችና ከድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሸዋዓለም ወርቃማ ቀለም የተቀቡትን ትልልቅ ፊደላት በመዳፏ ጠራርጋ ስሙ የትኛው እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጣቷን ወደ ፊደላቱ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«ልጄ፣ ስሙ የትኛው ነው?»

«የለም እትዬ ሸዋ። ከላይ ያለው የድርጅቱ ስም ነው። ከታች የሚቀረጸው ደግሞ ሠራተኛ ነው የሚለው። በቃ፣ ሌላ የለውም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማይናደድ ሰው ካለ እሱ በጤናው አይደለም። ሸዋዓለም አንድ ቀን ብቻ ለኖረ ሕፃን ስም ቀርጻለች። አስከሬኑ ላልተገኘ ወታደር ስም ቀርጻለች። ልደታ አካባቢ ያስቸገረ፣ ሲሞት ሰው እፎይ ያለለት ቀማኛ ነበር፤ ለእሱም እናቱ ለምነዋት ስሙን ከነአባቱ ስም አሳምራ ቀርጻለች። ስም የሌለው ድንጋይ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ግን በሞተ ሰው ደረት ላይ የሕንፃ ተቋራጭ ማስታወቂያ ትከዪ ተብላለች፤ የፎቁ አጥር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አልበቃ ብሎ።

ማን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀች። ኡሙልኸይር እንደነገረቻት ከሆነ ቻይናዎቹ አለቆች ድንጋይ ይሠራለት ብለው ከማዘዝ በቀር ስለ ጽሑፉ ያሉት ነገር የለም። ጽሑፉን ያሰናዳው አዱኛ ነው። ስሙን እኔ ልጻፍልህ ብትለው ጊዜ የለኝም፣ ደግሞስ ሁሉም አንድ አይደሉ እንዴ ብሎ ሳቀባት። ወንድሙ ያነበዋል እኮ ስትለው፣ ወንድሙ አንድ ቀን አይቶት ይሄዳል አላት።

ሸዋዓለም መሮዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «የእኛ ልጅ ዓረብ አገር ሞታ» አለች፣ «መቃብሯ ላይ ሐበሻ ብቻ ብለው ጽፈው ቢያልፉ ምን እንል ነበር? ሐበሻ፣ ሠራተኛ። እናቷ ሄዳ ያንን ብታይ ምን ትሆን ነበር?»

ኡሙልኸይር አንገቷን ደፋች። የአክስቷ ልጅ ጅዳ ናት።

«ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?» አለች ሸዋዓለም። የደነገጠችው ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርተው፣ እሷም እንደ ሰዉ ሁሉ «ቻይና» ነበር የምትለው። ቻይና ደህና አደርክ። ቻይና የመቁረጫ ዲስክ አለህ፣ የእኔ አለቀብኝ። እሱም ፈገግ ብሎ አቤት ይላት ነበር። አዱኛን ስትራገም የቆየችበት አፍ ለራሷም የሚሆን ስድብ አልጠፋውም።

«ሊን ሻን» አለች ኡሙልኸይር። «ሊን የቤተሰቡ ስም ነው፤ እነሱ ዘንድ እሱ ይቀድማል።»

«ጻፊልኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ ስትፈልግ ሸዋዓለም የቀለም ብሩሽ ውኃ ነክራ አቀበለቻት። በቁራጭ እብነ በረድ ላይ በውኃ መለማመድ የአባቷ ልማድ ነበር፤ ካላማረ ፀሐይ ይጠርገዋል፣ የሚባክን ወረቀት የለም። ኡሙልኸይር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በተማረችበት ከተማም ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት መናፈሻ እየሄዱ ረጅም ብሩሽ ይዘው መሬት ላይ በውኃ ሲጽፉ ታይ እንደነበረ ነገረቻት።

ከዚያ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ጭረት ከግራ ወደ ቀኝ አጋደመች። ቀጥላ ሌላ ጭረት ከላይ ወደ ታች፣ በተጋደመው መሐል ሰንጥቃ አቆመች። ሁለቱ ከተሻገሩበት ቦታ ተነሥታ ወደ ግራ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ጭረት ሳበች፤ ከዚያው ቦታ ደግሞ ወደ ቀኝ ታች እየወፈረ ሄዶ በስተመጨረሻ ሹል የሚሆን ሌላ ጭረት። ብሩሹን አነሣች።

ዛፍ ነው አለች። የተጋደመው ቅርንጫፉ፣ የቆመው ግንዱ፣ ወደ ታች የተዘረጉት ሁለቱ ሥሮቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ዛፍ ሁለት ጎን ለጎን ሲቆም ጫካ ይሆናል፤ ሊን ማለት ያ ነው። ሻን ደግሞ ተራራ ነው፤ መጀመሪያ መሐሉና ረጅሙ ጫፍ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ግራው ወርዶ በሥሩ ታጥፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ቀኙ ወርዶ ይዘጋዋል። ሸዋዓለም ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለች አየችው። ጫካና ተራራ። ሰውየው እንዲህ ያለ ሰፊ ስም ይዞ ነው እዚያች አልጋ ብቻ በምትበቃ ክፍል ውስጥ የኖረው።

ተራዋ ደረሰና ብሩሹን ተቀበለች። ግንዱን አስቀድማ አቆመች። ኡሙልኸይር ሳታመነታ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። የተጋደመው ይቀድማል አለቻት። ሸዋዓለም ደግማ ጻፈች፤ አሁንም እጇ ለግንዱ ሮጠ፤ ልጅቷ አሁንም ጠረገችው። በሦስተኛው ሸዋዓለም ብሩሹን አስቀመጠች። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ሳይቆም ማገሩ አይመታም፤ ደግሞስ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የትኛው እንደቀደመ ድንጋዩ ለማን ይናገራል? ይኼ የአስተማሪ ማጥበቅ እንጂ ሌላ አይደለም ብላ ተቆጣች።

ኡሙልኸይር ቁጣውን በትዕግሥት አሳለፈችው። እሷም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ትል ነበር፤ አስተማሪዋ መልኩ ልክ የሆነውን ፊደል ከኋላዋ ቆመው ካዩ በኋላ እንደ ስህተት ይሰርዙባት ነበር። ከዚያ ግን ነገሩ ገብቷታል። ብሩሽ የሚያርፍበት ቦታ ይወፍራል፣ የሚነሣበት ይቀጥናል፤ አንዱ ጭረት ከሚቀጥለው ጋር የሚያያዘው እጁ በሄደበት መንገድ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው የጸሐፊውን እጅ ከነመንገዱ ያየዋል።

«እንደ ሥዕል አይተው ከገለበጡት፣ ወንድሙ እንደ ሥዕል ነው የሚያየው» አለች። «ከጻፉት ግን ሰው እንደጻፈው ያውቃል።»

ይህ ለሸዋዓለም የገባት በእጇ ነው። መሮም የሚገባበት አለ፣ የሚወጣበት አለ፤ በጥልቁ ገብቶ እየቀለለ ካልወጣ የድንጋዩ ጠርዝ ይፈረካከሳል። ብሩሹን አነሣችና ያለ ንግግር ጻፈች፤ መጋደም፣ መቆም፣ ግራ፣ ቀኝ። ውኃው ደረቀ፤ ደገመች። ደረቀ፤ ደገመች። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ተንበርክካ ስትጽፍ ቆየችና አንዱን ዛፍ ኡሙልኸይር ሳትጠርገው ቀረች። ሸዋዓለም ልጅ ሆና አባቷ ሀሌታውን ሀ ጻፍሽው ያሏት ቀን የተሰማት ዓይነት ኩራት ተሰማት።

የዙሁር ሶላት ሰዓት ደርሶ ኡሙልኸይር ስትነሣ እስክመለስ በቁራጩ ላይ ሁለቱን ዛፎች አጎራብተው ይለማመዱ ብላት ሄደች። ሸዋዓለም ግን ተለማምጃለሁ አለች በልቧ፤ ጊዜውም አልበቃትም። መሥሪያዋ ግድግዳ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ፊደላት በሚስማር ተሰቅለዋል። አንድ ፊደል አንዴ ካማረ በቆርቆሮ ይወጣና ለሀብታሙም ለድሃውም እሱው ያገለግላል፤ «ነ» የትም ድንጋይ ላይ «ነ» ነው። በዚሁ ልማዷ ያማረላትን ዛፍ በቆርቆሮ ቆርጣ አወጣች። ከድርጅቱ ስም ሥር በግራ በኩል ለጥፋ በእርሳስ ዞረችው፤ ያንኑ ቆርቆሮ አንሥታ በቀኙ ለጠፈች፤ ዞረችው። ከዚያ መሮና መዶሻዋን አንሥታ የግራውን ዛፍ በጥልቁ ቀረጸችው። መልካም ቅርጽ ነበር።

ኡሙልኸይር ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆም አለች። ፊቷ ሲለወጥ ሸዋዓለም አየች።

የግራው ዛፍ የቀኝ ሥሩን እስከ መጨረሻው ዘርግቶታል። የቀኙ ዛፍ ደግሞ የግራ ሥሩን ሊዘረጋ ነው። ሁለቱ መሐል ላይ ተረጋግጠዋል። ሸዋዓለም አጠበብኩት እንዴ ብላ መለኪያዋን አነሣች፤ ነገሩ ግን የመጥበብ አልነበረም። ኡሙልኸይር ብሩሹን ነክራ በቁራጩ ላይ ቀስ ብላ ጻፈችላት። የግራው ዛፍ አራተኛ ጭረት ረጅም አይደለም፤ ጠብ እንዳለ ውኃ አጭር ነጥብ ብቻ ነው።

«ብቻውን ሲቆም እንደልቡ ይዘረጋዋል» አለች። «ሁለተኛው ሲመጣ ግን ፊተኛው እግሩን ይሰበስብለታል። ካልሰበሰበ ጫካ አይሆንም።»

ሸዋዓለም ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ዓይኗ የሚጋሩት ግድግዳ ላይ አረፈ። ሊን ሴራሚክ የሚቆርጥበት ማሽን ጩኸቱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነበር። እንደመጣ ሰሞን እሷ ስትቀርጽ ድንገት ሲያስነሣው እጇ እየሳተ ፊደል አበላሽቶባት ግድግዳውን በመዶሻ ደበደበችበት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የሚነሣው የእሷ መዶሻ ዝም ሲል ብቻ ሆነ። ፈርቷት መስሏት ነበር። ሰውየው ግን ማዳመጥ ጀምሮ ነበር፤ እየሰማት፣ እሷ ስታርፍ እሱ እየሠራ፣ እሷ ስትጀምር እሱ እያቆመ አራት ዓመት ኖረ። እሷ ደግሞ ስሙን አልጠየቀችውም። ሸዋዓለም ቆርቆሮውን ከድንጋዩ ላይ አንሥታ በእጇ አጣጠፈችው።

ኡሙልኸይር ልታጽናናት ሞከረች። አይታይም፣ ከወንድሙ በቀር የሚያውቅ የለም አለቻት። ይኸኔ ሸዋዓለም ጭራሽ ተቆጣች። ከወንድሙ በቀር ለማን ነው ታዲያ የሚቀረጸው? አዱኛም ያለው ይህንኑ አይደለም ወይ?

ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይሰረዝም። ድንጋዩን ልገልብጠው ብላ አሰበች፤ ጀርባው ሻካራ ነው፣ ደግሞም ሊን ማስታወቂያውን በጀርባው አዝሎ እንዲቆም አልፈለገችም። መፋቅ ይቻላል። ግን የተቀረጸበትን ቦታ ብቻ ቢፍቁት ጎድጓዳ ይሆናል፤ መፋቅ ካለበት ፊቱ በሙሉ ከላይ እስከ ታች ወርዶ እኩል መሆን አለበት። ይህን ስታሰላ ዓይኗ ወርቃማዎቹ ፊደላት ላይ ሄደ። እነሱም ይወርዳሉ። ጠዋት ዓይኗን ከገለጠች ወዲህ ልቧ የቀለላት ይኸኔ ነው።

«አንቺ ቤትሽ ግቢ» አለቻት። «ሶላት ሄጄ ስመለስ ፍቃው አገኘኋት በይ። እኔን ምንም አያደርጉኝም። አንቺን ግን ከሥራ ያስወጡሻል።»

ኡሙልኸይር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። እናቷን አስባ ይሆናል፤ የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ወጪ አስባ ይሆናል። ከዚያ ግን ቦርሳዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ በሻርፗ አፏን ሸፍና የውኃውን ጀሪካን አነሣች። ሸዋዓለም የመፍቂያ ማሽኑን ሰካች። በዚያ ሰሞን መብራት እንደልቡ የሚመጣና የሚሄድ ስለነበረ ሁለቱም እየተጣደፉ ነበር። አንዷ ስትፍቅ ሌላዋ ውኃ ታፈሳለች፤ ነጭ ጭቃ ልብሳቸውን አለበሰው። የወርቁ ቀለም ቢጫ ሆኖ እየታጠበ ወደ ቦዩ ወረደ። የድርጅቱ ስም መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ የቁርጥራጭ ምልክት ብቻ መሰለ፣ ከዚያ ጠፋ። መብራቱ የሄደው ፊቱ እኩል ከሆነ በኋላ ነው፤ ለመሮ ደግሞ መብራት አያስፈልግም።

እስኪመሽ ድረስ፣ ጠዋትም ገና ጎሕ ሲቀድ ኡሙልኸይር ስትመለስ እንደገና ጀምራ ቀረጸችው። ቆርቆሮ አልነካችም። በእርሳስም አልዞረችም፤ ኡሙልኸይር በውኃ የጻፈችውን አይታ፣ በውኃ ደግማ ጽፋ፣ ሳይደርቅ መሮዋን ታስገባለች። መጋደም፤ ከግራ ገብታ በቀኝ ወጣች። መቆም። ወደ ግራ እየቀለለች። ከዚያ ነጥቧ፤ ሦስት አራት ምት ብቻ፣ አጭርና የተሰበሰበች። ሁለተኛው ዛፍ በተለቀቀለት ቦታ ገብቶ እግሩን ዘረጋ። ተራራውን ከመሐሉ ጀምራ አቆመችው። ስትጨርስ አቧራውን በትንፋሿ እፍ አለችና ራቅ ብላ አየችው። በዚያ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ላይ ሁለት ፊደል ብቻ ቆሟል።

የድርጅቱ መኪና ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ወንድሙ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ መቃብሩ አልሄድም፣ መጀመሪያ ወንድሜ የኖረበትን ልይ ብሎ አስቸግሮ ኖሯል። አዱኛ ከፊት ከፊት ገባ። ድንጋዩን አየ፤ ሸዋዓለምን አየ፤ በትናንቱ ጭቃ የነጣውን የኡሙልኸይርን ቀሚስ አየ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው አንቺ ሴትዮ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የድርጅቱን ንብረት አበላሽታ በፖሊስ እንደሚያስጠይቃት፣ አሁኑኑ ሸራ ጣል እንድታደርግበት ነገራት። ሸዋዓለም ከድንጋዩ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ሸራ የሚጣለው ስም የሌለው ድንጋይ ላይ ነው፣ እሱን ትናንት አንተው አምጥተኸዋል አለችው፤ አንተ ስትለው ደግሞ አልተሳቀቀችም።

ወንድሙ ገባ። ከሟቹ በብዙ የሚበልጥ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ነው። ኮፍያውን አወለቀ። አዱኛ በአንድ ጊዜ ፊቱን ለውጦ ፈገግ አለና ወደ ኡሙልኸይር ዞረ፤ ድርጅታችን ለወንድምህ ክብር ሲል ልዩ ባለሙያ ፈልጎ ነው ያሠራው በይው አላት።

ሸዋዓለም በሕይወቷ ብዙ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምታለች፤ የዚህን ያህል ያንገበገባት ግን አልነበረም። መናገር ፈለገች፤ የሰውየውን ቋንቋ የምትችለው ግን ልጅቷ ብቻ ናት። ሁሉም የኡሙልኸይርን አፍ ይጠብቅ ጀመር። ልጅቷ መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። አንዴ በእጇ የድንጋዩን የላይኛውን ክፍል አሳየች፤ አንዴ ቦዩን፤ አንዴ ሸዋዓለምን። የሽማግሌው ዓይን የእጇን አቅጣጫ እየተከተለ ሄዶ በመጨረሻ አዱኛ ላይ አረፈ።

«እኔ ያልኩሽ ይህን ያህል አይረዝምም» አለ አዱኛ። «ምን አልሽው?»

«ትናንት ምን ተጽፎበት እንደነበረና ማን እንዳጻፈው» አለች። «ሥራውን ልቀቂ የሚሉኝ ከሆነ እሺ፣ አቶ አዱኛ። ውሸቱን ግን ሌላ ሰው ያስተርጉምልዎት።»

ሽማግሌው ከድንጋዩ ፊት ተንበረከከ። ጣቱን አነሣና ቅርጹን ተከትሎ ሄደበት፤ የተጋደመውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ የቆመውን ከላይ ወደ ታች፣ ግራውን፣ ነጥቧን። ነጥቧ ላይ ጣቱ ትንሽ ቆየች። ጣቱ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ተራራው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። ኡሙልኸይር ለመተርጎም አመነታች።

«በዚህ ሰፈር ወንድሜን ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር ነው የሚለው» አለች።

አዱኛ ቀልጠፍ ብሎ «ሚስተር ሊን» አለ። ሸዋዓለም አቋረጠችው። «ቻይና ነበር የምንለው። እውነቱን ንገሪው። ሁላችንም። ግድግዳ የምጋራው እኔም ቻይና ነበር የምለው፤ ስሙን ያወቅሁት ትናንት ነው።»

ኡሙልኸይር አስተረጎመችው። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ለሸዋዓለም ይሻላት ነበር። ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ቀስ ብሎ፣ እየለየ፣ ሊን ሻን አለ። ከዚያ አያት። ሸዋዓለም ደገመችለት፤ ራሱን ነቀነቀ። የፊተኛው ድምፅ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሁለተኛው ከላይ ሳይወርድ ይሄዳል አለቻት ኡሙልኸይር። ደገመች፤ አሁንም ልክ አልመጣም፤ ሽማግሌው ሳይሰለች እንደገና አላት። በስተመጨረሻ ድምፅዋ ሲስተካከል እሺ በሚል ዓይን አያት። ለሊን ዳቦ ይሸጥለት የነበረው ባለሱቁ ኑሪ ከሰፈሩ ሰው ጋር በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም በለሆሳስ ሞከረው። ሽማግሌው ለእሱም ጠበቀለት፣ አረመለት፣ እስኪያወጣው ቆመለት።

ከዚያ ወደ አዱኛ ዞረ።

አዱኛ ስልኩን ከኪሱ አወጣና መኪናው እየጠበቀ ነው፣ ጉለሌ ድረስ መንገዱ ይዘጋጋል አለ። ኡሙልኸይር አላስተረጎመችለትም። «ሚስተር ሊን» አለ አዱኛ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። ሽማግሌው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጠበቀው።